ሬኔሳንስ ፌስቲቫል፦ ለብሶ መጫወት ይሻላል ወይስ ሄዶ መዝናናት?

የመስቀል ወፍ (ጥር 14)

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ስቴት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። አምስት ዓመት ሙሉ መስከረም በጠባ ቁጥር ወደ ክራውንስቪል እሄዳለሁ። አናፖሊስ አጠገብ የሚደረገውን የሜሪላንድ ሬኔሳንስ ፌስቲቫል ማለቴ ነው። ለማታውቁት፦ ዛፍ መሀል የተሠራ የ16ኛው ክፍለ ዘመን የእንግሊዝ መንደር ነው። ፍልሰታ ከተፈታ በኋላ በነሐሴ መጨረሻ ይከፈታል። ከዚያ እስከ ጥቅምት አጋማሽ ድረስ ቅዳሜና እሁድ ነው። ታሪኩ የሚሽከረከረው በንጉሥ ሄንሪ 8ኛ ዙሪያ ነው። ንጉሡ ከነአጀቡ በመንገድ ሲያልፍ ሰው ጎንበስ ይልለታል። አንጥረኛው ብረት ይቀጠቅጣል። ፈረሰኞቹ ጦር ይዘው ይጋጠማሉ።

የመጀመሪያው ዓመት ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር በጂንስ ሄድኩ። በሁለተኛው ረጅም ቀሚስ ገዛሁ። በሦስተኛው ራሴ ሰፋሁ። አሁን ሳልለብስ መሄድ አልችልም።

ባለፈው ዓመት የሆነውን ልንገራችሁ። አንዲት አምስት ዓመት የማይሞላት ልጅ ራሷ ላይ የአበባ ጉንጉን አድርጋለች፤ ሪባኑ ጀርባዋ ድረስ ወርዷል። እፊቴ መጥታ ቆመች። የቀሚሷን ሁለት ጫፍ ያዘችና ዝቅ ብላ እጅ ነሳችኝ። ለማን ነው ብዬ ወደ ኋላ ዞርኩ። ማንም የለም። ለኔ ነው። እኔም ዝቅ ብዬ መለስኩላት። «የንግሥቲቱ ጓደኛ ነሽ?» አለችኝ። «አዎ፣ ደብዳቤ ይዤላት እየሄድኩ ነው» አልኳት። ዓይኗ እንዴት እንደበራ አልረሳውም። ትንሽ ቆይቶ እናትየው መጥታ ቀጣዩ ትርኢት ስንት ሰዓት እንደሆነ ጠየቀችኝ። ሠራተኛ መስያታለሁ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ሐሳብ አልለቀቀኝም። እዚያ የምትጫወት አንዲት የማውቃት ሴት አውዲሽን (የተዋናይነት ፈተና) ውሰጂ እያለች ትወተውተኛለች። እኔ ነርስ ነኝ። የምተነፍስበት ቦታ እሱ ብቻ ነው። የምወደው ቦታ ሥራ ቦታ እንዳይሆንብኝ እፈራለሁ። ለብሳችሁ የተጫወታችሁ ወይም ዝም ብላችሁ የምትዝናኑ ካላችሁ እስኪ እውነቱን ንገሩኝ።


ባለነጋሪት (ጥር 15)

እህቴ፣ በሌላ ስቴት ሦስት ሲዝን ተጫውቻለሁ። ከበሮ መቺ ነበርኩ። ሳልደብቅ እነግርሻለሁ።

ልፋቱ የሚጀምረው በሩ ከመከፈቱ ከወራት በፊት ነው። አውዲሽን አለ፣ ከዚያ የቅዳሜና እሁድ ልምምድ። አነጋገር ትማሪያለሽ። ለንጉሥ፣ ለባላባት፣ ለነጋዴ እንዴት እጅ እንደሚነሳ ትማሪያለሽ። ባሕርይሽን ትፈጥሪያለሽ፦ ስሟ ማነው፣ ከየት መጣች፣ ምን ትፈልጋለች፣ ማንን ትጠላለች። ምክንያቱም መድረክ ላይ ያለው ጽሑፍ ትንሹ ነው። ትልቁ ሥራ መንገድ ላይ ነው። ሰው ይመጣል፣ የማታስቢውን ይጠይቅሻል፣ አንቺ ከባሕርይሽ ሳትወጪ መመለስ አለብሽ።

ከዚያ ሙቀቱ አለ። ጳጉሜ አካባቢ 33 ዲግሪ፣ አንቺ ሦስት ድርብ ለብሰሽ። አንድ ቀን ከጎኔ የቆመ ልጅ ጦሩን እንደያዘ ተዝለፍልፎ ወደቀ። ስልክ ማውጣት የለም። መነጽር የለም። ውኃውም ከሸክላ ወይም ከቆዳ ዕቃ ነው። ክፍያው እኔ በነበርኩበት ቦታ ቤንዚን ከሸፈነ ትልቅ ነገር ነበር።

አንድ ነገር ልጨምርልሽ። በሦስት ዓመት ውስጥ የፈረስ ግጥሚያውን አንድም ቀን ከዳር እስከ ዳር አላየሁም። ሁልጊዜ በዚያ ሰዓት ሌላ ቦታ ነበርኩ። ከአጥሩ ጀርባ የሰዉን ጩኸት እሰማለሁ። ማን እንዳሸነፈ ማታ ዕቃ ስንሰበስብ ነው የምጠይቀው።

ታዲያ ለምን ሦስት ዓመት ቆየህ ትይኛለሽ። በአነጋገሬ የተነሳ ነው። ያኔ አሜሪካ ከመጣሁ አራት ዓመቴ ነበር። አፌን ስከፍት ሰው ፊቱን ያጨማድዳል፣ «ምን አልክ?» ይለኛል። ስልክ ማንሳት ሁሉ እጠላ ነበር። እዚያ ግን ሁሉም ሰው የራሱ ያልሆነ አነጋገር ነው የሚናገረው። ኦሃዮ የተወለደው የለንደን ባላባት ሆኖ ያወራል። የኔ ደግሞ የሩቅ አገር ከበሮ መቺ ነው ተባለ፣ በቃ አለቀ። ማንም ድገምልኝ አላለኝም። እንዲያውም ቁጭ ብለው ይሰሙኛል። በሁለተኛው ሲዝን መጨረሻ ሥራ ቦታዬም ሳልፈራ ማውራት ጀመርኩ። ይህንን የሰጠኝ ሌላ ቦታ የለም።


የመንትዮቹ አባት (ጥር 15)

እኔ በቲሸርትና በስኒከር የምሄድ ነኝ። ለኛም አስተያየት ይጠየቅ።

የመጀመሪያ ጊዜ ስንሄድ የለበሰ ሁሉ ሠራተኛ ነው የመሰለኝ። አንድ ከራስ እስከ እግር ብረት የለበሰ ሰውዬ አየሁና «ከልጆቹ ጋር ፎቶ እንነሳ?» አልኩት። ተንበረከከላቸው። ሲንበረከክ ብረቱ ሁሉ ተንኳኳ። ሰይፉን እንዲነኩ ፈቀደላቸው። ቲፕ ልሰጠው ስል ሳቀ። «እኔም እንዳንተ ትኬት ከፍዬ ነው የገባሁት፤ ሰኞ ባንክ ነው የምሠራው» አለኝ። እንዲህ ያለውን ሰው ፕሌይትሮን እንደሚሉት ያን ቀን ነው የሰማሁት። ከፍሎ የገባ እንግዳ ነው፣ ግን ለብሶ ይጫወታል። ስለዚህ እህቴ፣ ምርጫው ሁለት ብቻ አይደለም። አንቺ አሁንም መሀል ላይ ነሽ።

አባቴ ከጎጃም መጥተው በነበረ ጊዜ ወሰድኳቸው። ቀኑን ሙሉ ዝም ብለው ቆዩ። ፈረሰኞቹ ሲወጡ ግን ተነስተው ቆሙ። «ጉግስ እኮ ነው!» አሉ። ትንሽ አዩና ግራ ገባቸው። «ለምን አንዳቸው አይሸሹም?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። በጉግስ አንዱ ይጋልባል፣ ሌላው እያባረረ ዘንጉን ይወረውርበታል፣ የሚሸሸው በጋሻው ይመክታል። እዚህ ግን ፊት ለፊት ነው የሚመጡት፣ በመሀላቸው አጥር አለ። አባቴ እስኪጨርሱ ድረስ አልተቀመጡም። (በነገራችን ላይ የሜሪላንድ ስቴት ኦፊሴላዊ ስፖርት ይኸው የፈረስ ላይ ግጥሚያ ነው፣ እንደ ፈረንጆቹ ከ1962 ጀምሮ።)

ያንን ጊዜ ሥራ ላይ ብሆን ኖሮ የአባቴን ፊት አላየውም ነበር። ባለነጋሪት ከአጥር ጀርባ ሰማሁ ያለው ነገር ልቤን ነካኝ። የሚያይ ሰውም ያስፈልጋል። በየመድረኩ ኮፍያ የሚዞርላቸው ተጫዋቾች የሚኖሩት ቁጭ ብሎ ባየና ብር በጣለ ሰው ነው።


መርፌና ክር (ጥር 16)

ጥምቀት ካለፈ ገና ሳምንት አልሞላውምና ልበለው፦ ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ። ልብስ ሰፊ ነኝ። ለፌስቲቫሉ የሚለብሱ ደንበኞች አሉኝ።

ለብሳችሁ ልትሄዱ ካሰባችሁ ፖሊስተር አትልበሱ። ፎቶ ላይ ያምራል፣ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ግን እንደ ላስቲክ ያፍናችኋል። ተልባ እግር ወይም ጥጥ ይሁን። ቀሚሱ መሬት አይንካ። መንገዱ አፈርና ጭድ ነው፣ ዝናብ ከጣለ ጭቃ ነው። ከቁርጭምጭሚት ከፍ ይበል። ወገቡ ላይ ኪስ የሚሆን ከረጢት ይታሰር፣ ስልኩም ቁልፉም እዚያ ይገባል። የፌስቲቫሉ ሰዎች ልብሱን ኮስቲዩም አይሉትም፣ «ጋርብ» ነው የሚሉት። ኮስቲዩም ስትሏቸው ቅር የሚላቸው አሉ። ሰይፍ ወይም ጩቤ ከያዛችሁ በሩ ላይ ከአፎቱ ጋር ያስሩላችኋል፤ ከዚያ በኋላ አይመዘዝም።

ሌላው የሥነ ሥርዓት ጉዳይ ነው። እዚህ ላይ አጥብቄ ነው የምናገረው። እንግዳ ሆናችሁ ለብሳችሁ ስትሄዱ የተዋንያኑን ጨዋታ አትቀሙ። ንጉሡ እየተናገረ መሀል የሚገባ ሰው አይቻለሁ። ተዋናዩ ወራት የተለማመደው ነገር ነው የተበላሸበት። ሲጠይቋችሁ መልሱ፣ ሲጨርሱ ዘወር በሉ። የሰው ልብስ ሳትጠይቁ አትንኩ። ልጅ ሲቀርባችሁ ደግሞ የመስቀል ወፍ እንዳደረገችው አድርጉ። ልጁ ትኬት የከፈለውንና ደመወዝተኛውን አይለይም። ለሱ የለበሰ ሁሉ የመንደሩ ሰው ነው።


ቀጥተኛ (ጥር 18)

ይቅርታ አድርጉልኝ፣ ማንንም ለማስቀየም አይደለም። ግን አንድ ነገር ይከነክነኛል። የእንግሊዝ ንጉሥና የሱ ሚስቶች ታሪክ ለኛ ምናችን ነው? የራሳችን ልብስ፣ የራሳችን ነገሥታት፣ የራሳችን በዓል አለን። ልጆቻችን የሄንሪን ስም ያውቃሉ፣ የልብነ ድንግልን አያውቁም። ለዚያ የሚወጣው ጊዜና ገንዘብ ለኛ ባህል ቢውል አይሻልም? ሰው ይዝናና፣ አልቃወምም። ለብሶ እነሱን መምሰል ግን አልዋጥልህ ይለኛል።


ከአሌክሳንድሪያ (ጥር 19)

ልጄ ቀጥተኛ፣ ጥያቄህ ተገቢ ነው፤ እኔም መጀመሪያ እንደዚያው ብዬ ነበር። ዕድሜዬ ሰባ አልፏል። የልጅ ልጆቼ ናቸው ጎትተው የወሰዱኝ። ከዚያ ወዲህ ሐሳቤን የቀየርኩበትን ምክንያት ልንገርህ።

የልብነ ድንግልን ስም ማንሳትህ ደስ ብሎኛል። ዐፄ ልብነ ድንግል የነገሡት በ1508 ነው፣ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር። ሄንሪ 8ኛ በ1509። አንድ ዓመት ልዩነት! ያ በክራውንስቪል የሚታየው ንጉሥ የኛ ንጉሥ የዘመን እኩያ ነው። ንግሥት እሌኒ ማቴዎስ የሚባለውን መልእክተኛ ልከው በ1514 ሊዝበን ገብቷል። በ1520 የፖርቱጋል መልእክተኞች ምጽዋ ወረዱ፤ ከነሱ ጋር የመጣው ቄስ አልቫሬዝ ስድስት ዓመት አገራችን ቆይቶ ያየውን ጻፈ። ሲመለሱ የኛው ጸጋ ዘአብ አብሯቸው ሊዝበን ሄደ። ሮም ውስጥ ከቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ የኛ መነኮሳትና ተሳላሚዎች የሚያርፉበት ቅዱስ እስጢፋኖስ ነበራቸው። መዝሙረ ዳዊት በግእዝ ፊደል ሮም ላይ በ1513 ታትሟል። የልብነ ድንግል ሥዕል ዛሬም ፍሎረንስ፣ ኡፊዚ ሙዚየም ይገኛል።

ስለዚህ ሬኔሳንስ ሲባል እኛ ከውጭ ቆመን የምናየው ዘመን አይደለም። ውስጡ ነበርን።

እንግሊዝ ራሷም ያኔ ነጭ ብቻ አልነበረችም። ጆን ብላንክ የሚባል ጥቁር መለከት ነፊ በሄንሪ 8ኛ ቤተ መንግሥት ያገለግል ነበር። ንጉሡ ወንድ ልጅ ሲወለድለት በ1511 ዌስትሚኒስተር ላይ ትልቅ የፈረስ ግጥሚያ ተደረገ። የዚያ ድግስ ሥዕል በረጅም ጥቅልል ተሥሏል፤ ጆን ብላንክ ፈረስ ላይ ሆኖ፣ ራሱን ጠምጥሞ መለከት ሲነፋ ሁለት ቦታ ይታያል። ደመወዙ በቀን 8 ፔኒ ነበር። ለንጉሡ አቤቱታ ጻፈ፣ 16 ተደረገለት። ለልጅ ልጆቼ ይህን ስነግራቸው አፋቸውን ከፍተው ነው የሰሙኝ። ከበሮ መቺው ወንድማችንም እንዲያው አልባሌ ቦታ አልቆመም፤ ፈለግ አለው።

ልጄ የመስቀል ወፍ፣ ላንቺ የምለው የእንግሊዝ ወይዘሮ መሆን ግድ አይደለም ነው። እንደ ኢትዮጵያዊት ተሳላሚ ሂጂ። ጥጥ ቀሚስ፣ ነጠላ፣ ማተብ፣ ዘንግ። አንድ አደራ ብቻ አለኝ፦ የመነኩሴ ቆብና የካህን ልብስ ለጨዋታ አይለበስ። እሱ ጨዋታ አይደለም።


ቀጥተኛ (ጥር 19)

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። የ1508ና የ1509ን ነገር አላውቅም ነበር። በዚህ መልክ ከሆነ ልጆቼን እኔው እወስዳለሁ።


ሙኒክ ነኝ (ጥር 22)

ከጀርመን ነው የምጽፈው። እዚህ ነገሩ ሌላ ነው፣ ለማነጻጸር ያህል ልበል። ከኛ ብዙ ሳይርቅ ላንድስሁት የምትባል ከተማ አለች። እንደ ፈረንጆቹ በ1475 የባቫሪያው መስፍን ልጅ ጌኦርግ የፖላንዷን ልዕልት ሄድቪግን እዚያ አገባ። ያንን ሠርግ የከተማው ሕዝብ በየአራት ዓመቱ ደግሞ ይደግሰዋል። ከ2,000 በላይ ሰው ለብሶ ይሳተፋል፤ የከተማዋና የአካባቢዋ ሰው ነው። ሰው ሠራሽ ጸጉር አይፈቀድም። ወንዶቹ ለዚያ ሲሉ ከወራት በፊት ጀምሮ ጸጉራቸውን ያሳድጋሉ። ዓመቱ ሲደርስ ባቡር ላይ ጸጉረ ረጅም የባንክ ሠራተኛ ካየህ ታውቀዋለህ።

እዚያ ፕሌይትሮን የሚባል መሀለኛ ቦታ እምብዛም የለም። ወይ የሠርጉ ሰው ነህ ወይ መንገድ ዳር ቆመህ ታጨበጭባለህ። ሠርገኞቹ ሲያልፉ «ሃሎ!» እያሉ ይጮሃሉ፣ አንተም «ሃሎ!» ትላለህ። ቆንጆ ነው። ግን አራት ዓመት እዚህ ኖሬ እንግዳነቴን በጣም የተሰማኝ እዚያ መንገድ ዳር ቆሜ ነው። እናንተ ጋ ከፍሎ የገባ ሰው ለብሶ መግባት መቻሉ ቀላል ነገር አይደለም። አክብሩት።


ባለነጋሪት (ጥር 23)

የሙኒኩ ወንድማችን ያነሳው ነጥብ ጥሩ ነው። የአሜሪካው ነገር አጀማመሩም ሌላ ነው። እንደ ፈረንጆቹ በ1963 ሎስ አንጀለስ ፊሊስ ፓተርሰን የምትባል አስተማሪ ከባሏ ጋር የጀመረችው ነው። ልጆችን ትያትር ታስተምር ነበር። የመጀመሪያው ፌስቲቫል የተደረገው ለአንድ የሬዲዮ ጣቢያ ገንዘብ ለማሰባሰብ ነው። ከጎረቤትና ከልጆች ጨዋታ ስለተነሳ በተጫዋቹና በተመልካቹ መሀል ያለው አጥር አጭር ነው።

የመስቀል ወፍ፣ አንድ ነገር አስቢ። አዝማሪ ቤት ገብተሽ ታውቂያለሽ? አዝማሪው ይሠራል፣ እንግዳው ይጠጣል። ግን ደግሞ «ተቀበል!» ብሎ ግጥም የሚሰጥ አለ። ያ ሰው አዝማሪ አይደለም፣ ማሲንቆ አይነካም። ዝም ብሎ ተመልካችም አይደለም። አንድ ስንኝ ይሰጣል፣ አዝማሪው ያሳምረዋል፣ ሰውየው ተመልሶ ይቀመጣል። ቤቱ የሚሞቀው በሱ ነው። ከዚያች ልጅ ጋር ያደረግሽው እሱን ነው። ከምሽት ፈረቃ ወጥተሽ የአዝማሪውን ሥራ ልጨምር ብትይ ግን ድምፅሽ ይዘጋል። እኔ ሥራዬ ከሰኞ እስከ ዓርብ ስለነበር ቻልኩት። ነርስነቱ ቅዳሜና እሁድ አይምርም።


የመስቀል ወፍ (ጥር 25)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጋሼ፣ ስለ ቆቡ የነገሩኝን ተቀብያለሁ። የአያቴ ሸማ ሻንጣዬ ውስጥ አለ። የፈተለችው እሷ ናት። ዘንድሮ አውዲሽኑን ትቼዋለሁ። በመስከረም እነግራችኋለሁ።


የመስቀል ወፍ (መስከረም 5)

ቃሌን ይዤ መጣሁ። ትናንት ሄድኩ።

ነጭ ጥጥ ቀሚስ፣ የአያቴን ሸማ አጣፍቼ፣ አንገቴ ላይ የእንጨት መስቀል በጥቁር ማተብ፣ እጄ ላይ ዘንግ። መርፌና ክር ቀሚሱን በልኬ አስተካክላልኛለች፣ እጇን ይባርክ። በሩ ላይ ዘንጉን አገላብጠው አይተው አሳለፉኝ።

ከሰዓት በኋላ ዛፍ ሥር ቁጭ ብዬ ውኃ እየጠጣሁ ነበር። አንድ ሸምገል ያለ ተዋናይ፣ ጥቁር ቬልቬት ካባ የለበሰ፣ አጠገቤ ሲደርስ ቆመ። ጎንበስ አለና «ክብርት ሆይ፣ ከየትኛው አገር ነው የመጡት?» አለኝ። «ከኢትዮጵያ፣ ከንጉሥ ልብነ ድንግል አገር» አልኩት። ዝም አለ። ኮፍያውን አወለቀ። ከዚያ በሙሉ ድምፁ ወደ መንገዱ ዞሮ «እናንተ ሰዎች! ይህች ሴት ከቄሱ ንጉሥ ከዮሐንስ ምድር መጥታለች!» ብሎ ጮኸ። ያኔ ፈረንጆቹ የኛን ንጉሥ ፕሬስተር ጆን እያሉ እንደሚጠሩት ያውቃል ማለት ነው። ሰው ተሰበሰበ። ስለ አገሬ ጠየቀኝ፣ መለስኩ። ኢየሩሳሌም ተሳልሜ ወደ ሮም ስሄድ መንገድ ስቼ ነው አልኩ። «በጣም ነው የሳቱት» አለ። ሰዉ ሳቀ። አምስት ደቂቃ ቢሆን ነው። ከዚያ ንጉሡ ይጠብቀኛል ብሎ ሄደ። እኔም ውኃዬን አነሳሁ።

ከተሰበሰበው መሀል አንድ ሐበሻ ልጅ ነበር፣ ዐሥር ዓመት ቢሆነው ነው። እናቱ ነጠላዬን አይታ ነው ያመጣችው። «እውነት ያኔ እኛ ነበርን?» አለኝ በእንግሊዝኛ። አዎ አልኩት። የ1508ና የ1509ን ነገር ነገርኩት። ጣቱን እየቆጠረ አንድ ዓመት መሆኑን አረጋገጠ።

የፈረስ ግጥሚያውንም ቁጭ ብዬ እስከ መጨረሻው አየሁ። ባለነጋሪት፣ ላንተም ብዬ ነው ያየሁት። አሸናፊው ባለ ሰማያዊው ነው።

አንድ ችግር ብቻ። ጫማዬ ገደለኝ። ስስ ሰንደል ነበር ያደረግኩት፣ ጠጠሩ ሁሉ ተሰማኝ። ለሚቀጥለው ቅዳሜ ምን ላድርግ?


መርፌና ክር (መስከረም 5)

ወፍራም ሶል ያለው ቡናማ የቆዳ ቦት አድርጊ፣ ዚፑ ወደ ውስጥ በኩል ይሁን። ውስጡ የሱፍ ካልሲ፤ ጥጥ ካልሲ ላብ ይዞ ያቆስልሻል። አዲስ ከሆነ ከዛሬ ጀምረሽ ቤት ውስጥ አድርጊው፣ ቅዳሜ ሳይደርስ ይለምድሽ። ሸማውን ደግሞ በቀዝቃዛ ውኃ በእጅሽ እጠቢው፣ ማሽን ውስጥ እንዳታስገቢው።


ባለነጋሪት (መስከረም 6)

ባለ ሰማያዊው ስንተኛው ዙር ላይ ነው የጣለው?